ባለ 45 ጥርስ ስፕሮኬት፦ ለዳገት ገዝቼው ቁልቁለት ላይ የካሰኝ

ባለፈው ማክሰኞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ላይ ጉም ዋጠኝ። የሐምሌ ጉም ነው፤ መንገዱን የሚመላለስበት ሰው ያውቀዋል። የፊተኛው መኪና የኋላ መብራት አንዴ ብልጭ ይላል፣ አንዴ ይጠፋል። አስፋልቱ ረጥቧል። ከኋላዬ የመሣሪያ ሳጥኔን አስሬያለሁ፤ 25 ኪሎ ይሆናል። ከፊቴ የተጫነ ሲኖትራክ ቀስ እያለ ይወርዳል። የፍሬን ሸራው ሽታ በጉሙ ውስጥ አልፎ አፍንጫዬ ድረስ ይመጣል።

ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነኝ። ነዳጅ ዘግቼያለሁ። ቀኝ እግሬ ፍሬኑ ላይ አርፏል እንጂ አልረገጠም። ሞተሬ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ላይ ረግቶ ይወርዳል። አይሸሽም፣ አይጮህም። እግሩን እየመረጠ ገደል እንደሚወርድ በቅሎ ነው። ጉሙ እስኪገለጥ ድረስ አራት ኩርባ እንዲሁ ወረድኩ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ከስምንት ወር በፊት የኋላውን ስፕሮኬት (ካቴናው የሚጠመጠምበትን ጥርሳም ክብ ብረት) ከ42 ጥርስ ወደ 45 ሳስቀይር የፈለግኩት ዳገት መውጣት ብቻ ነበር። ስለ መውረድ አላሰብኩም፤ የነገረኝም የለም። ሻጩም፣ ሜካኒኩም፣ ሞተር የሚነዱ ጓደኞቼም የሚያወሩት ስለ ፍጥነትና ስለ ዳገት ነው። ዛሬ ግን አንድ ሰው መጥቶ “ያንን ስፕሮኬት ለምን ወደድከው?” ቢለኝ መጀመሪያ የማነሳው ቁልቁለቱን ነው።

ሥራዬ የስፌት መኪና ጥገና ነው። ቤቴ ደሴ ነው። ደንበኞቼ ግን ኮምቦልቻም፣ ሐይቅም፣ ቦሩ ሜዳም አሉ። አልፎ አልፎ ከሚሴ ድረስ እወርዳለሁ። በሳምንት አራት ቀን ሐረጎን እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመሀሉ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ለእኔ ሜዳ የሚባል ነገር ብርቅ ነው፤ ኑሮዬ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት።

ሞተሬ ባለ 150 ሲሲ፣ ባለ አምስት ማርሽ፣ በካርቡራተር የሚሠራ ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ ኢንጂኑ ላይ ያለው የፊቱ ስፕሮኬት 14 ጥርስ፣ የኋላው 42 ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው። 42ን ለ14 ስታካፍለው 3 ይመጣል። የፊቱ ሦስቴ ሲዞር የኋላ ጎማ አንዴ ይዞራል ማለት ነው። የኋላውን 45 ካደረግከው 3 ነጥብ 21 ይሆናል። ኢንጂኑ ለአንድ የጎማ ዙር ትንሽ ተጨማሪ ይዞራል፤ በለውጡም 7 ከመቶ ያህል ጉልበት ታገኛለህ። የፊቱን 15 ብታደርገው ደግሞ 2 ነጥብ 8 ይሆናል። በአንድ የኢንጂን ዙር የምትሄደው ርቀት ይረዝማል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። ፊት ላይ አንድ ጥርስ መለወጥ ኋላ ላይ ሦስት ጥርስ እንደ መለወጥ ነው።

ይህ ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። በሙያዬ በየቀኑ የማደርገው ነው። ጂንስና የድንኳን ሸራ የሚሰፋ ሰው “መኪናዬ ወፍራም ስፌት ላይ ትቆምብኛለች” ሲለኝ አዲስ ሞተር ግዛ አልለውም። የሞተሩን ፑሊ በአነስተኛ እቀይርለታለሁ። መርፌው ይዘገያል፤ ሸራውን ግን ይበሳል። ሸሚዝ ለሚሰፋው ደግሞ ተቃራኒውን አደርጋለሁ። ያው መኪና፣ ያው ሞተር፣ ሥራው ግን ሌላ። ይህን እያወቅኩ ለገዛ ሞተሬ ሳላደርገው ሁለት ዓመት መቆየቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

ከሁሉም የሚቆጨኝ ግን ከዚያ በፊት የገዛሁት ባለ 15 ነው። ሱቅ ሄጄ “ሐረጎ ላይ ይደክምብኛል፣ ምን ላድርግ?” ብዬ ጠየቅኩ። ሰውየው ሳያስብ ከመደርደሪያው ትንሿን ስፕሮኬት አወረደ። “ወንድሜ፣ ፊቱን 15 አድርገው፤ ይበራል” አለኝ። አመንኩት። እውነትም ቦሩ ሜዳ ላይ ነፋስ ከኋላዬ ሲሆን ትንሽ ቀለለኝ። ሐረጎ ላይ ግን ጉድ ሆንኩ። ድሮ በአራተኛ የማልፋቸውን ቦታዎች በሦስተኛ መሄድ ጀመርኩ። አምስተኛ ማርሽ ጌጥ ሆነ። ሁለት ሳምንት ቆይቼ አወጣሁት።

ሻጩ ያልነገረኝ ነገር የከፍታውን ጉዳይ ነው። ደሴ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለል አየር ይሳሳል። በ2,500 ሜትር ላይ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይጎድላል። ኢንጂን የሚጠጣው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ አየርም ነው። አየሩ ሲጎድል ጉልበቱም በዚያው ልክ ይጎድላል። ወረቀቱ ላይ 12 የፈረስ ጉልበት የሚል ሞተር እዚህ 9 እና ትንሽ ቢሰጥህ ነው። ፋብሪካው 14 እና 42 ብሎ ሲመርጥ ሙሉ አየር የሚተነፍስ ኢንጂን ይዞ ነው ያሰበው። እኔ ደግሞ የደሴን አየር የሚተነፍስ ኢንጂን፣ 25 ኪሎ ብረትና የሐረጎን ዳገት ይዤ ነው የምሄደው። እንዲህ ላለ ሰው 15 መሸጥ ለድንኳን ሰፊ የሸሚዝ ፑሊ እንደ መስጠት ነው። ሰውየው በክፋት አላደረገውም፤ ይህን አምናለሁ። ግን የት እንደምነዳ፣ ምን እንደምጭን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቀኝ ሸጠልኝ።

ኅዳር ላይ 45ቱን ፍለጋ ወጣሁ። ቀላል አልነበረም። ሁሉም ሱቅ ያለው 42 ነው። አንዱ “ፊቱን 13 አድርገው፣ ያው ነው፣ ይረክስልሃል” አለኝ። በሒሳብ እውነቱን ነው። 42ን ለ13 ስታካፍለው 3 ነጥብ 23 ይመጣል፤ ከ45ቱ ጋር እኩል ማለት ይቻላል። ዋጋውም በጣም ይለያያል። እኔ ግን እምቢ አልኩ፤ እምቢ በማለቴም እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ትንሽ ስፕሮኬት ላይ ካቴናው በጣም ይታጠፋል። በታጠፈ ቁጥር ቀለበቶቹን የሚያያይዙት ፒኑና ቡሹ ይፋጫሉ። ጭነቱን የሚሸከሙት ጥርሶችም ቁጥራቸው ያንሳል። ካቴናው ደግሞ የኋላ ጎማውን ወደያዘው የብረት ክንድ ወርዶ ከስሩ ያለውን የላስቲክ መከላከያ ይበላል። የሰፈሬ ልጅ 13 አስገብቶ ያ ላስቲክ ተበልቶ ብረቱ ድረስ ሲደርስ በዓይኔ አይቻለሁ። ትልቁን ማሳደግ ይወደዳል፤ ካቴናው ግን ይተነፍሳል።

በመጨረሻ 45ቱን አገኘሁ። የከፈልኩት የሁለት ሳምንት የቤንዚን ወጪዬን ያህል ነው። ካቴናውንም አብሬ ልቀይር ወሰንኩ። አሮጌውን በብረት ማስመሪያ ለክቼው ነበር። የእኔ ካቴና 428 የሚባለው ነው፤ ከፒን እስከ ፒን 12 ነጥብ 7 ሚሊ ሜትር ነው። 20 ቀለበት አዲስ ሲሆን 254 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የእኔ 259 ደርሷል። እንዲህ የረዘመ ካቴና አዲስ ስፕሮኬት ላይ ብታስገባ ጥርሶቹን በወራት ውስጥ እንደ መንጠቆ ያጎብጣቸዋል። ገንዘብ ቆጥቤያለሁ ብለህ ሁለቴ ትገዛለህ።

እዚህ ላይ የተበሳጨሁበትን ልንገራችሁ፤ ሌላ ሰው እንዳይደገምበት። ባለ ሱቁ ካቴናውን እንደለመደው 118 ቀለበት ላይ ቆርጦ ሰጠኝ። “ኋላው 45 ነው፣ አያጥርም ወይ?” አልኩት። “ወላሂ ይበቃሃል፤ ስንቱን አስገጥሜያለሁ” አለኝ። ይዤ ጋራዥ ሄድኩ።

ሜካኒኩ ትልቅ ሰው ነው። ጋሼ ነው የምለው። ጎማውን ወደ ፊት እስከ መጨረሻው ገፋው። ካቴናውን አዞረና ማያያዣውን አስገባ። ከዚያ በጣቱ ነካው። እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። መሀሉ ላይ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር መርገብ ሲገባው ንቅንቅ አይልም። “አይ ልጄ፣ ይሄማ አይሄድም። ይሄን ይዘህ ከሄድክ ኩሽኔታውን ነው የሚበላው” አለኝ። ተመልሼ ሱቅ ሄድኩ። የተቆረጠ ካቴና አንመልስም አሉኝ። ሁለተኛ ካቴና ገዛሁ፤ 120 ቀለበት፣ ሳይቆረጥ።

ነገሩን በኋላ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ኋላ ላይ ሦስት ጥርስ ስትጨምር ካቴናው አንድ ተኩል ቀለበት ያህል ተጨማሪ ይፈልጋል። ካልጨመርክለት ጎማው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት መሄድ አለበት። የእኔ ሞተር ላይ በአዲስ ካቴና ወደ ፊት የሚቀረው ቦታ ያን ያህል አይደለም። ሁለት ቀለበት ሲጨመር ግን ልክ ይመጣል። ባለ ሱቁ ካቴና ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ይህን ማወቅ የእሱ ሥራ ነበር፣ የእኔ አልነበረም።

ሌላም ነገር አለ። አሮጌው ካቴና ስለረዘመ ጎማው ወደ ኋላ ተስቦ ነበር የኖረው። አዲሱ ሲገባ ወደ ፊት መጣ። ጎማው ወደ ፊት ሲመጣ የኋላ ፍሬኑ ዘንግ ይላላል። ጋሼ ጎማውን የያዘውን ፔርኖ አጥብቆ፣ በሁለቱም በኩል ምልክቱን አስተያይቶ፣ እጁን ጠርጎ ጨርሷል። የፍሬኑን ዘንግ ግን ሁለታችንም ረሳነው። ጋራዡ በር ላይ ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ ወደ ታች ሰመጠ። ደግነቱ ቆሜ ማለት ይቻል ነበር። ዳዶውን አጥብቀን ተስተካከለ። ይህ ሐረጎ አፋፍ ላይ ቢሆን ብዬ ሳስብ አሁንም ልቤ ይመታል። ስፕሮኬት የምትቀይሩ ሁሉ ከጋራዥ ሳትወጡ ፍሬኑን ረግጣችሁ እዩ።

የካቴናው ሽፋንም አንድ ቀን አስቸግሮኛል። ባለ 45ቱ በዙሪያው ከ42ቱ 6 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። 6 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል። ካቴናው ግን የሽፋኑን የታች ከንፈር እየነካ እንደ ፌንጣ ይጮህ ነበር። በመዶሻ ቀስ አድርጌ ወደ ውጭ አወጣሁት፤ ቀረ።

ዳገቱን በአጭሩ ልበል፤ የጠበቅኩት ነገር ስለሆነ። ሆኗል። ድሮ ሳጥኔን ይዤ በአራተኛ 55 ላይ ስወጣ ቀጥ ያለው ዳገት ላይ ይሞትብኝ ነበር። ሦስተኛ አስገባለሁ፣ ይጮሃል፤ አራተኛ እመልሳለሁ፣ ይሞታል። አሁን አራተኛው ይይዛል። ሰው ጭኜ ስነሳም ፍሪሲዮን አላቃጥልም። ቦሩ ሜዳ ላይ ነፋስ ከፊት ሲመጣ አምስተኛ ማርሽ ድሮ ይሰንፍ ነበር፤ አሁን ይሠራል። ይህ ብቻውን የከፈልኩትን ይከፍላል።

የቁልቁለቱ ነገር ግን ሳይነገረኝ የመጣ ነው።

ድሮ ሐረጎን ስወርድ ምርጫዬ ሁለት ነበር። ሦስተኛ ላይ ነዳጅ ብዘጋ ከ35 ተነስቶ ቀስ በቀስ ወደ 45 ይሸሻል። ኩርባው ሲደርስ ፍሬን መያዝ አለብኝ። ሁለተኛ ባስገባ ደግሞ ኢንጂኑ በ35 ኪሎ ሜትር በደቂቃ ከ6,500 ዙር በላይ ይጮሃል። ጆሮም አይችለውም፣ አንጀትም አይችለውም። ስለዚህ ሦስተኛ ላይ ሆኜ ፍሬን እየነካሁ፣ እየለቀቅኩ፣ እየነካሁ እወርድ ነበር። ሁሉም ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የእኔ የኋላ ፍሬን ታምቡር ነው፤ ሸራው ከውስጥ ተገፍቶ የሚይዘው ክብ ብረት። ታምቡር ሲግል ይሰፋል። ሸራው ከእሱ ይርቃል። ሸራውም ራሱ ሲግል መያዙን ይቀንሳል። ስለዚህ መውረጃው ላይ አጥብቆ የያዘው ፍሬን ታች ስትደርስ ለስላሳ ይሆናል። በጣም የምትፈልገው ሰዓት ላይ ማለት ነው። በበጋ ኮምቦልቻ ስደርስ ከጠርሙሴ ጥቂት ውሃ ታምቡሩ ላይ ጠብ አደርግ ነበር። ጭስስ ብሎ ይተናል። ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ። እየፈራሁም ቢሆን ሌላ መንገድ ያለ አልመሰለኝም።

ባለ 45ቱን ካስገባሁ በኋላ በሦስተኛው ቀን መሰለኝ ወረድኩ። ሦስተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ዘግቼ። ሞተሩ 35 ላይ ቆመ። እንደ ድሮው ይሸሻል ብዬ እግሬን ፍሬን ላይ አዘጋጅቼ ጠበቅኩ። አልሸሸም። ዙሩን አየሁ፤ 5,000 አካባቢ ነው። የሚጮህ ድምፅ አይደለም። ኩርባው መጣ። ትንሽ ብቻ ነካሁ፣ ዞርኩ፣ ለቀቅኩ። እንደገና 35። ኮምቦልቻ ስደርስ ውሃዬን አውጥቼ ታምቡሩ ላይ አፈሰስኩ። ውሃው እንደ ማንኛውም ውሃ ተንጠባጥቦ ወረደ። እጄን አሳረፍኩበት። ለብ ብሏል። አምስት እስክቆጥር አላነሳሁትም። መንገድ ዳር ቆሜ በአንድ ስፕሮኬት እንደዚያ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

“7 ከመቶ እንዴት ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?” የሚለኝ አለ። እኔም ጠይቄያለሁ። ቁልቁለት ላይ ሁለት ነገሮች ይጓተታሉ። ክብደቱ ወደ ታች ይስባል፤ ነዳጅ የተዘጋበት ኢንጂን ወደ ኋላ ይይዛል። ክብደቱ ከኢንጂኑ መያዝ በጥቂቱ ከበለጠ ሞተሩ መሸሽ ይጀምራል። በጥቂቱ ካነሰ ይረጋል። የድሮው ሦስተኛ መያዙ በጥቂቱ የሚያንስ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ እጅግ የሚበዛ። አዲሱ ሦስተኛ በሁለቱ መካከል ገባ። ከዚያ ላይ ኢንጂኑ በተመሳሳይ ፍጥነት የበለጠ ስለሚዞር መያዙ ራሱ ይጨምራል። ያች ትንሽ ልዩነት ለሐረጎ ቁልቁለት ልክ ሆና ተገኘች። ሌላ ቁልቁለት ላይ፣ ሌላ ክብደት ይዞ ለሚወርድ ሰው 44 ወይም 46 ልክ ሊሆንለት ይችላል።

የፍሬን ሸራዬም ይመሰክራል። ድሮ በየአራት ወሩ እቀይር ነበር። ባለፈው ሳምንት ጎማውን ሳወርድ በካሊፐር ለካሁት። አዲስ ሲሆን 4 ሚሊ ሜትር የነበረው ስምንት ወር ሠርቶ 3 ነጥብ 2 ላይ ነው። 9,400 ኪሎ ሜትር ሄዷል። አንድ ሙሉ የሸራ ወጪ ቀርቶልኛል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ያ ሻጭ ከፊቴ ቆሞ ይታየኛል። “ፍጥነትህስ?” ይለኛል። እሺ፣ ስለ ፍጥነት እናውራ። ከፍተኛውን ፍጥነት ሐረጎ ላይ የት ነው የምነዳው? የትኛው ኩርባ ላይ ነው 100 የምሄደው? ወረቀት ላይ ያለ ፍጥነት ለእኔ ምን ይሠራልኛል? ዳገቱን ድሮ ከምወጣበት ፈጥኜ እየወጣሁ ነው። ቁልቁለቱን ደግሞ ልቤ ተረጋግቶ እየወረድኩ ነው። ከቤቴ ወጥቼ ኮምቦልቻ የምደርስበት ጊዜ አልጨመረም። “ቤንዚንህስ?” ይለኛል። መዝግቤዋለሁ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል በሊትር 41 ኪሎ ሜትር እሄድ ነበር፤ አሁንም 41 ነው። በሦስተኛ እያስጮህኩ የምወጣው ስለቀረ ሳይካካስ አይቀርም።

የሚከፈልበት ቦታ ግን አለ፤ አልደብቅም። ከኮምቦልቻ ሐርቡን አልፎ ወደ ከሚሴ ያለው መንገድ ነው። እዚያ ሜዳ ይበዛል፣ ከፍታውም ይቀንሳል። 80 ላይ ስነዳ ዙሩ 7,400 ያሳያል። ድሮ 6,900 ነበር። 500 ዙር ጆሮህ ላይ ይሰማል። እጀታው ይንቀጠቀጣል፣ መስታወቱ ውስጥ ያለው መኪና ቅርጹ ይጠፋል። ከሚሴ ስደርስ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። መርፌ መያዣ ብሎን ለመፍታት እስኪመለሱልኝ ትንሽ እጠብቃለሁ። ቤንዚኑም በሊትር ከ44 ወደ 42 ወርዷል። አሁን 70 ላይ ነው የምሄደው፤ ቀድሜ እነሳለሁ። በወር አንዴ ስለሆነ እችለዋለሁ። በየቀኑ ከሚሴ የምመላለስ ብሆን ኖሮ 42ቱን አልነካውም ነበር።

የአጎቴ ልጅ ሎጊያ ነው የሚኖረው፤ አፋር። ያው የእኔ ዓይነት ሞተር አለው። እሱ ፊቱን 15 አድርጎ በጣም ደስተኛ ነው። ልክ ነው። መንገዱ ሜዳ ነው፣ አየሩ ሙሉ ነው፣ ብቻውን ነው የሚነዳው። ባለፈው ፋሲካ ደሴ ሲመጣ ሞተሬን ሰጠሁት። ገና ከሰፈር ሳይወጣ “ይሄ ምን ሆኗል? ማርሹ ቶሎ ቶሎ ያልቃል” አለኝ። እውነቱን ነው፤ አንደኛ ማርሽ ለመነሳት ብቻ ነው፣ ወዲያው ሁለተኛ ይፈልጋል። “ሐረጎን ወርደህ ና” አልኩት። ሲመለስ ስለ ማርሹ ምንም አላለም። “ፍሬኑን ምን አድርገህው ነው?” ብሎ ነው የጠየቀኝ። ፍሬኑን አልነካሁትም ስለው አላመነኝም። ጎንበስ ብሎ ስፕሮኬቱን ቆጠረ።

ሌላ የሚጠየቅ ጥያቄ የፍጥነት መለኪያው ነው። የእኔ ከፊት ጎማ ስለሚነሳ አልተዛባም። ከማርሽ ሳጥን የሚነሳ ሞተር ያላችሁ ግን ስፕሮኬት ስትቀይሩ መለኪያው ይዋሻችኋል፤ ቀድማችሁ እዩት።

ስፕሮኬቱ ራሱ እስካሁን ደህና ነው። ጥርሶቹ አልጎበጡም። በየ500 ኪሎ ሜትሩ ካቴናውን በጋዝ አጥባለሁ፣ ዘይት እቀባለሁ። በክረምት ጭቃው ስለሚበዛ ከዚያም ፈጠን አደርገዋለሁ። ትናንት 20 ቀለበቱን ለካሁ፤ 257 ሚሊ ሜትር ሆኗል። መስከረም ሳያልቅ ሙሉውን እቀይራለሁ።

ሱቁ ስሄድ ሰውየው መጀመሪያ 42ቱን እንደሚያወርድልኝ አውቃለሁ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ኪሴ ከትቻለሁ፤ ፊት 14፣ ኋላ 45፣ ካቴና 120 ቀለበት። መቁረጫውንም ሳያነሳ ካቴናውን እንዳለ ይስጠኝ። ጋራዥ ወስጄ ጋሼ ፊት ነው የሚቆጠረው።